አውሮፕላኑን ያሳለፍሁት እኔ ነኝ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ አውሮፕላን ከሰማይ የሚወርደው ጭስ ሲያይ ነበር። ምን ያስቅሻል ጥሩነሽ? አንቺስ አልነበርሽም? ከሜዳው ዳር ቆመሽ፣ ነፋሱ ነጠላሽን ሲገፈው ራስሽን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ስትጮኺ አይቼሻለሁ። "እሱስ እውነት ነው" በይ። እንዲህ ነው እንጂ። ታዲያ ጭስ ካየ ይወርዳል፣ ጭስ ካላየ ያልፋል። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ የኔም ኃጢአት ከዚህ ነው የሚጀምረው።

ይህን የተናገርሁት በባለቤቴ በሙሉነህ አርባ ማግሥት፣ ለልጄ ለብርቱካንና ለጎረቤቴ ለጥሩነሽ ነው። ቃሉ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ሳይውል ሳያድር ጻፍሁት፤ የጻፍሁትም እንደ ተናገርሁት ነው።

ታዲያ እንዲህ አልኋቸው። ያኔ በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔም አዲስ ሙሽራ ነበርሁ፣ ቡሬ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሰፊ ሜዳ ነበር። አስፋልት የለው፣ አጥር የለው፣ የከብት ግጦሽ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና አርብ፣ አውሮፕላን ከደብረ ማርቆስ በኩል ይመጣል፤ እኛ ጋ አርፎ ሰው ጥሎ ሰው አንሥቶ ወደ ባሕር ዳር ያልፋል፤ ከዚያ እኛን ሳይነካ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ሙሉነህ የሜዳው ዘበኛም ወኪልም እሱ ነበር። ትኬት ይቆርጣል፣ ጭነት ይመዝናል፣ ከብት ያባርራል። ጭሱ ግን የኔ ነበር። ማንም አልቀጠረኝም፤ ሚስቱ ስለሆንሁ ነው። ከሥር ደረቅ እንጨት እደረድራለሁ፣ ከላይ እርጥብ የብሳና ቅጠል አለብሰዋለሁ፣ ድምፁን ስሰማ ክብሪት እጭራለሁ። ጭሱ ወዴት እንደሚያጋድል አይቶ ነጂው ነፋሱን ያውቃል። ጭስ ከሌለ ግን "ሜዳው ጭቃ ነው፣ እንዳትወርድ" ማለት ነው። ሁለቴ ዞሮ መንገዱን ይቀጥላል። ሕጉ ይኸው ነበር።

"የባሕር ዳሩስ ያኔ ምን ይመስል ነበር?" አለችኝ ብርቱካን።

ምን ይመስላል ልጄ! እንደኛው ሣር ነበር እንጂ። ከዚያ የመጣ መንገደኛ "እኛም ላም እናባርራለን" ይለን ነበር። እኩያሞች ነበርን! ባሕር ዳር ሐይቅ አላት፣ እኛ በርበሬ አለን። ሣር ለሣር ነበርን። ለዚህ ነው ዛሬ ስሟ ሲጠራ ሆዴን የሚያቃጥለው። ከላይህ የነበረ ሰው ቢበልጥህ ምን ይገርማል? አጠገብህ ተቀምጦ የነበረው ተነሥቶ ሲሄድ ነው የሚያመው።

አሁን ደግሞ ወደ ሴትዮዋ ልምጣ። የሺወርቅ ትባላለች። የፍኖተ ሰላም ሴት ናት፤ ባሏ በልጅነቷ ሞቶባት በርበሬ ትነግዳለች። እኔም ብሆን የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፤ ቡሬ ያመጣኝ ጋብቻ ነው። ታዲያ ፍኖተ ሰላም የአውሮፕላን ሜዳ ስለሌላት የሺወርቅ በጭነት መኪና ቡሬ ድረስ መጥታ ከኛው ሜዳ ትሳፈራለች። ጃንጥላ ይዛ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ፣ በሣሩ ላይ እየተንገዳገደች! ፈረንጁ ነጂ በጆንያዋ በርበሬ እያስነጠሰ ነው የሚሄደው። እሷን ግን ሁሉም ይወዳታል። የወርቅ ጥርስ ነበራት፤ ስትስቅ ብልጭ ይላል።

ያኔ ሰው ከነጓዙ ይመዘን ነበር እኮ! አውሮፕላኑ ትንሽ ነው፣ ልክ ካለፈ አይነሣም፤ ስለዚህ ሙሉነህ መንገደኛውን ሁሉ አንድ በአንድ ሚዛን ላይ ያቆማል። ቄስ ቢሆን፣ ቀኛዝማች ቢሆን፣ ይቆማታል። እሷ ስትመጣ ታዲያ እጁን ይሰጣታል።

"ይቁሙ እሜቴ፣ ቀስ ብለው።"

ሰማችሁ? ለሷ "ይቁሙ እሜቴ"፤ ለኔ "አንቺ፣ ቅጠሉን አላመጣሽም?"

እሷም ሚዛኑ ላይ ቆማ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ "አቶ ሙሉነህ፣ ዛሬስ ከበድሁ ወይስ ቀለልሁ?" ትለዋለች።

"እርስዎ እንዳሉ ነዎት እሜቴ፤ ጆንያው ነው የከበደ።"

እንዳሉ ነዎት! እንዳለች መሆኗን በምን አወቀ? ያለፈውን ሳምንት ሚዛኗን ልቡ ላይ ይዞት ነው እንጂ! ጥሩነሽ አትሳቂ፣ ያኔ አላሳቀኝም። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ፣ "እኔንስ መዝነኝ" አልሁት።

"አንቺን? የት ልትሄጂ?"

"የትም። መዝነኝ።"

"ሚዛኑ የመንገደኛ ነው፤ መጫወቻ አይደለም።"

እንዲህ አለኝና በጨርቅ ሸፈነው። ያን ዕለት እህል ሳይቀምስ ያደረው የኔ ሆድ ነው፤ እሱማ ወጥ አስጨመረ።

እና አንድ ማክሰኞ የሺወርቅ በርበሬዋን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ሄደች፤ አርብ ትመለሳለች። አርብ ጧት ሙሉነህ ተነሣና ጢሙን ተላጨ። ከሠርጋችን ወዲህ በሥራ ቀን ሲላጭ አላየሁትም። ካኪ ኮቱን አራገፈ፣ ጫማውን ወለወለ፣ እንደገና ወለወለ።

"ምነው ዛሬ?" አልሁት።

"ትልቅ እንግዳ አለብን።"

"ማን?"

"እንግዳ ነው አልሁሽ። ጭሱን ደህና አድርጊው፤ ነጭ ይሁን፣ ወፈር ያለ ይሁን።"

"እንግዳው ወንድ ነው ሴት?"

ዝም አለ። በአራቱም ወንጌል እምላለሁ፣ ዝም አለ! ዐይኑን ወደ ጫማው መለሰ። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ሴት ልጅ ምን ይነገራት?

ኋላ የሰማሁትን አሁን ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ አይገባችሁም። እንግዳው መሐንዲስ ነበር። በጎጃም ካሉት ሜዳዎች የትኛው ይስፋ፣ የትኛው ጠጠር ይልበስ ብሎ ለመምረጥ ነው ከአዲስ አበባ የመጣ። መጀመሪያ የሚያየውም የቡሬን ነበር። የወረዳው ገዥ ይህን ሲሰማ ሙሉነህን ጠርቶ፣ "ነገሩ ከአፍህ እንዳይወጣ። ፍኖተ ሰላሞች ከሰሙ በበቅሎ መጥተው ሰውየውን አሳምነው ይወስዱብናል። ሚስትህም የዚያው አገር ልጅ ናት፣ ለሷም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትል" ብሎ አስምሎታል። ፍኖተ ሰላም ትቀማናለች ብለው ሲፈሩ፣ አያችሁ፣ ባሕር ዳርን ያሰባት የለም። ሙሉነህም የማለ ሰው ነው፤ ዝም ያለው መሐላውን ጠብቆ ነበር። እኔ ግን ዝምታውን በራሴ መዝገበ ቃላት ፈታሁት።

ታዲያ እንጨቱን ደረደርሁ፣ ቅጠሉን አለበስሁ። እሱ ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ከብት ያባርራል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ድምፁ መጣ፤ እንደ ንብ ቀፎ ከሩቅ ጀመረና እየጎላ መጣ። ክብሪቱን አወጣሁ። እንጨቷን ይዤ ልጭር ስል አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ፦ "እኔው ባነደድሁት ጭስ፣ እኔው እየመራሁ ላምጣለት?" አልሁ። ጢሙን ተላጭቶ ቆሟል፤ ጫማውን ወልውሏል፤ እኔ ደግሞ ጥላሸት ለብሼ "እዚህ ነው፣ ውረጂ" ልበልላት? እጄ እንቢ አለ።

አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ዞረ። ዝቅ ብሎ ስለ ነበር መስኮቱ ይታያል። የየሺወርቅን ፊት ያየሁ መሰለኝ፤ ጥርሷንም ያየሁ መሰለኝ! ከዚያ ርቀት ጥርስ እንዴት ይታያል? ግን አየሁ። ሙሉነህ ከወዲያ ማዶ እየሮጠ፣ "አንቺ! ጭሱ! ኧረ ጭሱን!" ይላል። እኔም "ነፋሱ ቃሉን ወሰደው፣ አልሰማሁም" አልሁ ለራሴ። ሁለተኛ ዞረ። ክብሪቱ እጄ ላይ ነው። ከዚያ ክንፉን አዘነበለና ወደ ባሕር ዳር ቀና። ድምፁ እየሰለለ፣ እየሰለለ ጠፋ። የቀረው የላሞቹ ድምፅ ብቻ ሆነ።

ሙሉነህ እያለከለከ ደረሰ። እንጨቱን አየ፤ እንደ አጥንት የደረቀ ነው። እኔን አየ። እጄን አየ፤ ክብሪቱ አለ። ያኔ በከተማው መንገድ በቅሎዎች ብቅ አሉ፤ ገዥው፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላ ሙክት የሚጎትት ሰው። ይህ ሁሉ ለየሺወርቅ? አልሁ። ለየሺወርቅ ሙክት አይጎተትም።

ሙሉነህ በቅል የነበረውን የመጠጥ ውኃ አንሥቶ እንጨቱ ላይ ገለበጠው። ክብሪቱን ከእጄ ወሰደና "ወዲያ ራቂ" አለኝ። ጫረ፤ ጨሰ፤ ያልነደደ እርጥብ እንጨት እንዴት እንደሚጨስ ታውቃላችሁ፣ ዐይን ያጠፋል። ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ እሱ ተንበርክኮ እፍ ይላል፤ ከዐይኑ እንባ ይወርዳል።

"የታለ አውሮፕላኑ?" አለ ገዥው።

"አለፈ ጌታዬ። እንጨቱ ረጥቦ እንቢ አለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"የአንተ?"

"የኔ ነው ጌታዬ። ማታውኑ መሸፈን ነበረብኝ።"

ገዥው አለንጋውን አነሣ፤ ሽማግሌዎቹ ያዙት። ሙክቱም ተመልሶ ሄደ። እኔ ከብሳናው ሥር ቆሜ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብሄድ፣ "እኔ ነኝ" ብል ይበቃ ነበር። አልሄድሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጠፋ። አቶ ሙሉነህ መባል ቀረና "እርጥብ እንጨት" ሆነ። ገበያ ሲወጣ "እርጥብ እንጨት መጣ"፤ ለሽምግልና ሲቀመጥ "እርጥብ እንጨት ደግሞ ምን ይፈርዳል"። ጥሩነሽ፣ የአንቺ ባል እንኳ ስንት ዓመት ሰላም ነሣው። ቀና በይ፣ አልወቅስሽም፤ ለመንገር ነው።

መሐንዲሱማ ባሕር ዳር ወረደ፤ ዓሣ አበሉት፣ ሐይቁን አሳዩት፣ ሜዳውን ለካ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ወደ ቡሬ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ወሬው በጭነት መኪና ሾፌሮች አፍ ይደርሰኝ ጀመር። "ባሕር ዳር ግሬደር ገባ" አሉ። "ጠጠር ለበሰ" አሉ። "ላሙ በአጥር ታገደ፣ ለመንገደኛ ቤት ተሠራ" አሉ። የኛ አውሮፕላን ደግሞ በክረምቱ ቀረ፤ በጋ ሲመጣ ይመለሳል ብለን ጠበቅን፣ አልተመለሰም። ሚዛኑን መጥተው ወሰዱት። ሜዳው ላይ ጤፍ ተዘራ። ባሕር ዳሮች አስፋልት አነጠፉ፣ መብራት ተከሉ፤ ትልልቁ ጀት መጣላቸው፤ አሁንማ ዓለም አቀፍ ይሉታል። እያንዳንዱን ስሰማ "ይኼ የኛ ነበር፣ ይኼም የኛ ነበር" እል ነበር። ሰው በሰው ንብረት ይቀናል፤ እኔ በገዛ እጄ በሰጠሁት ቀናሁ።

እሱና እኔ ግን ስለዚያ አርብ አንድ ቀን አልተነጋገርንም። ስድስት ልጅ ወለድን፣ አሳደግን፣ ዳርን፤ አልተነጋገርንም። አምና ሲታመም፣ ብርቱካን ታስታውሻለሽ፣ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ይሂድ ብላችሁ ባሕር ዳር ወሰዳችሁን። ያን ጊዜ ነው በዐይኔ ያየሁት። መስተዋቱ! የወለሉ ንጣት! አንዱ ጎልማሳ "እማማ፣ ቦርሳዎን ሚዛኑ ላይ ያድርጉ" አለኝ። ቦርሳዬን መዘነ፤ እኔን ዞሮም አላየኝ። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ አንቺ ወረቀቱን ልታስጨርሺ ሄደሽ፣ እኔ በመስተዋቱ ያን አስፋልት እያየሁ፣ "እዩት፣ ሣር እንዳልነበረ!" አልሁ፤ አፌ መረረኝ።

ሙሉነህም አስፋልቱን እያየ፣ "እንጨቱ ደረቅ ነበር" አለኝ።

እንዲሁ፣ በቀስታ።

"ይህን ያህል ዘመን ለምን ዝም አልኸኝ?" አልሁት።

"ምን ልበል? ገዥውን 'ሚስቴ ቀንታ ነው' ልበለው? አገር ይሳቅብሽ? እሱስ ይሁን፤ 'የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት፣ ለአገሯ አድልታ ነው' ቢሉሽ ማን ያወጣሽ ነበር?"

አለቀስሁ። አለቀስሁና፣ ክፉ ነኝ መሰለኝ፣ እንባዬን ሳልጨርስ፣ "የሺወርቅስ?" አልሁት።

"የትኛዋ የሺወርቅ?"

የትኛዋ አለኝ! ስሙኝማ እናንተ፣ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ወንድ ንጹሕ ነው ወይስ ጮሌ? ደግሜ ልጠይቀው ስል "ተሳፈሩ" ተባለ። ከዚያ ሕመሙ ጠና፤ አፉንም ያዘው። የትኛዋ እንዳለኝ ሄደ።

"እና ሳታውቂው ቀረሽ?" አለች ብርቱካን።

ቆዪኝ እንጂ። ለቅሶ ላይ ያች ባለ ጃንጥላ አሮጊት፣ በመኪና ከባሕር ዳር የመጣችው፣ ደረቷን ስትደቃ ያያችኋት? እሷ ናት። የወርቅ ጥርሷ ዛሬም አለ። ከኔ በላይ አለቀሰች! ባሌ የሞተው የኔ ነው ወይስ የሷ? ሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀል አጠገቤ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦

"እቴ፣ ሙሉነህ እንዴት ያለ ክፉ ሰው ነበር መሰለሽ! ከዚያ ሚዛን ላይ ስንቴ አውርዶ ጆንያዬን አስቀርቶብኛል! አንድ ኪሎ አያልፍም። ብስቅለት፣ ብለምነው፣ 'ጆንያው ነው የከበደ' ይለኛል። እንዴት እጠላው ነበር!"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?" አልኋት።

"ውለታው ነዋ! እንጨቱን አርጥቦ አውሮፕላኑ ሳይወርድ ያለፈ ጊዜ እኔ ውስጡ ነበርሁ። ባሕር ዳር ወስዶ ጣለኝ። ሀገሩን አላውቅ፣ ዘመድ የለኝ፣ ሜዳው ላይ ስንከራተት አንድ ነጋዴ አሳረፈኝ፤ እሱን አግብቼ ሰባት ወለድሁ። ሜዳው ሲሰፋ ሱቃችን ከበሩ ላይ ሆነ። ያን ቀን እንጨቱን ያላነደደ እጅ ይባረክ፤ አፈሩ ይቅለለው።"

እንግዲህ ፍረዱኝ! በሷ ቀንቼ አገሬን አስቀረሁ፣ ባሌን ስሙን አስቀማሁ፤ እሷ ግን ባል አገኘች፣ ሱቅ አገኘች! ባሕር ዳር አስፋልቷን አገኘች! ጭራሽ ምርቃቱም ለኔ አልደረሰም። ያላነደደው እጅ ይኸው ጭኔ ላይ ተቀምጧል፤ እሷ ወደ መቃብሩ ትመርቃለች። "አሜን" አልሁ። ምን ልበል ሌላ?

ይህን ብዬ ጨረስሁ። ብርቱካን አንገቷን ደፍታ ታልቅስ ትሳቅ አልለየሁትም። ጥሩነሽ ግን ብድግ አለች፤ ነጠላዋን አጣፋች።

"'እርጥብ እንጨት' የሚለውን ስም መጀመሪያ ያወጣው የኔው ባል ነው" አለች።

"አውቃለሁ።"

"እኔም ብዬዋለሁ። ፊት ለፊት ብዬዋለሁ፤ ገበያ መሐል።"

"ሰምቼሻለሁ ጥሩነሽ።"

"ነገ ቅዳሜ ነው፤ አገሩ ሁሉ ገበያ ይወጣል። እነግራለሁ። ለሁሉም እነግራለሁ፤ እንጨቱ ደረቅ ነበር እላለሁ።"

"ንገሪ። አንቺን የጠራሁሽ ለዚሁ ነው። የኔ ስም ይጥፋ፣ የሱ ይመለስ።"

ወደ በሩ ሄደችና ዞር አለች። "ለየሺወርቅስ ልላክላት?"

"ለሷ እንዳትነግሪ!" አልሁ፤ ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። "ቀንቼባት እንደ ነበር ካወቀች ይደላታል። እሱን ደግሞ አልሰጣትም!"

ጥሩነሽ መቃኑን ይዛ ሳቀች፤ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ብርቱካንም ሳቀች። ከአርባ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ከልብ የተሳቀው ያን ጊዜ ነው፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።